የእትዬ ቁልፍ አምስት ባትሪዎች

በእትዬ ቁልፍ ፍሪጅ በር ላይ፣ ለእንቁላል ተብሎ በተሠራው ባለ ጉድጓድ መደርደሪያ፣ እንቁላል ከተቀመጠበት ዘመን አልፏል። እዚያ የሚተኙት ባትሪዎች ናቸው። አምስት ናቸው፤ አንዱ በየተራው ካሜራ ውስጥ ያድራል፤ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንሱ። እያንዳንዳቸው በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልለው ጀርባቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። ፕላስተሩ ላይ ቁጥራቸው፣ የተገዙበት ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ ቻርጅ የተደረጉበት ቀን በጥቃቅን ጽሑፍ ሰፍሯል። እንቁላሉ ታች ከሽንኩርቱ ጋር ነው። ልጃቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ፍሪጁን ትከፍትና፣

«እማዬ፣ ሰው ፍሪጅ የሚገዛው እኮ ለምግብ ነው» ትላለች።

«እነሱም አፍ አላቸው፤ መብራት ይበላሉ» ይሏታል።

ስማቸው ቁልፍ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዘው ሲሠሩ የቁልፉ ቀለበት ከወገባቸው ወርዶ ስለማያውቅ ስሙ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ጡረታ የወጡ ዕለት ቁልፉን በፊርማ አስረከቡ፤ ስሙን የሚረከብ ግን አልተገኘም። አንድ ቀን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ያለ መጠየቂያ ወረቀት አምፖል ሊወስድ ቢመጣ «ጨለማውን ይልመዱት» ብለው መለሱት ይባላል። እሳቸው ይህን ወሬ ሲሰሙ ይቆጣሉ። «ውሸት ነው። ቀን ስለነበር መስኮቱን ይክፈቱት ነው ያልኩት» ይላሉ።

ካሜራው የባላቸው ነበር። ባላቸው የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ጸጥ ያሉ፣ ነገር ግን አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሰው። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት ነዋሪውን አስተባብረው የሕንፃውን ደረጃ ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ አስቀቡ። ቀለሙ ደርቆ ሳይቆሽሽ ይህችን ያኔም ያረጀች ዲጂታል ካሜራ ይዘው ወጡና ከታች እስከ ላይ አሥራ አንድ ፎቶ አነሡ። «ነገ ልጆቹ ሲያቆሽሹት ምን ይመስል እንደነበር አሳያቸዋለሁ» አሉ። አላሳዩም። በአራተኛው ወር ልባቸው ቀጥ አለ። ካሜራውም ከነፎቶው እትዬ ቁልፍ እጅ ገባ።

ካረፉ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ከሕንፃው ጎን የነበረውን የጣውላ መሸጫ ግቢ አንድ ኩባንያ ገዛው። ወደ ላይ አሥራ ስምንት ፎቅ ሊያቆም ነው፤ መጀመሪያ ግን ሦስት ፎቅ ወደ ታች መቆፈር አለበት። ቁፋሮው ሲጀመር በእትዬ ቁልፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ይጨዋወቱ ጀመር። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው መስኮት ጥግ፣ ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። ነዋሪው ለኩባንያው ጻፈ። ኩባንያው የላከው መሐንዲስ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ጫማው ከነጭቃው ያብረቀርቃል። በስልኩ ሁለት ሦስት ፎቶ አነሣና «ይሄ የእርጅና ነው። ሕንፃው አርባ ዓመቱ ነው፤ እኛ ከመምጣታችን በፊትም የነበረ ስንጥቅ ነው» ብሎ ሄደ።

ይህች ቃል ናት እትዬ ቁልፍን ያስነሣቻቸው። ሌላው ነዋሪ ተሳደበ፣ ተራገመ፣ ከዚያም ወደ ሥራው ሄደ። እሳቸው ግን ቤታቸው ገብተው የባላቸውን አሥራ አንድ ፎቶ በካሜራዋ መስኮት አንድ በአንድ አዩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ግድግዳው ነጭ ነው። ምንም የለበትም።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸኝ» አሉ ብቻቸውን፣ ጮክ ብለው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በደረጃው መስኮት ስትገባ፣ እትዬ ቁልፍ ካሜራቸውን አንግተው ይወጣሉ። ባላቸው የቆሙበትን ቦታ ከፎቶው ላይ የመስኮቱን ጠርዝና የመደገፊያውን ብረት እያስተያዩ አግኝተው ወለሉ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውበታል። ተረከዛቸውን እዚያ ላይ ያሳርፋሉ፤ ከስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ ይለጥፋሉ፤ አሥራ አንዱን ቦታ ያነሣሉ። የወርድ ልኩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ሹፌር መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅባቸው ነበር።

«እትዬ ቁልፍ፣ ዛሬስ ግድግዳው ፈገግ አለ?»

«ካንተ የተሻለ ጥርስ አለው» ይሉታል ሳይዞሩ።

ለምን በስልክ አላነሡም? ይህን ያልጠየቃቸው የለም። የልጃቸው ባል፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራ የኮምፒውተር ሰው፣ ጥሩ ስልክ ገዝቶ ሰጥቷቸዋል። እትዬ ቁልፍ ስልኩን ሊፈትኑት መጀመሪያ የራሳቸውን ፊት አነሡበት። ፎቶው ላይ የግንባራቸውን መስመሮች ሲያጧቸው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። «የኔን ግንባር እንዲህ አድርጎ የለሰነ፣ ግድግዳውንማ ምን ያደርገው!» አሉ። ሁለተኛው ምክንያታቸው ከዚህም የጠነከረ ነው። በግምጃ ቤት ሕግ በአንድ ሚዛን የገባ ዕቃ በሌላ ሚዛን አይወጣም፤ ከወጣ፣ ጎደለ ወይም ተረፈ ብሎ መከራከር አይቻልም። ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ የተመዘገበው በዚህች ካሜራ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በዚህች ካሜራ ይመዘገባል። እኔ በበኩሌ የመሐንዲሱን ትምህርት ሁሉ ከዚህ አባባል ጋር ባስተያየው ይህኛው ይመዝንብኛል።

ችግሩ ካሜራዋ አይደለችም፤ ካሜራዋ ደህና ናት። ችግሩ ባትሪው ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ መሠራት ካቆመ ሰነባብቷል። የመጀመሪያው ከካሜራዋ ጋር የመጣው ነው፤ እሱን «አንጋፋው» ይሉታል፣ ዐሥር ፎቶ አንሥቶ ይደክመዋል። ሁለተኛው ባላቸው የገዙት ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ያገኙት ከኤሌክትሮኒክስ ሰፈር ነው፤ እዚያ በአንድ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ፣ ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር የደፋ ሽበታም ጠጋኝ አለ።

«እትዬ፣ ይህችን ካሜራ የሠሩዋት ሰዎች ራሳቸው ረስተዋታል እኮ» አላቸው መጀመሪያ የሄዱ ቀን።

«የኔ ጉዳይ ከነሱ ጋር አይደለም። ባትሪ አለህ የለህም?»

«ሙዚየም ቢጠይቁ ይሻላል።»

«ሙዚየም የሚሄደው ሥራ የፈታ ነው። እሷ ሥራ ላይ ናት።»

ጠጋኙ ሳቀና መሳቢያዎቹን መበርበር ጀመረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱን አገኘላቸው። አያያዙንም ያስተማራቸው እሱ ነው፦ ሞልቶ አይቀመጥ፣ ባዶም አይቀመጥ፤ ግማሽ ይሁን፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይተኛ፤ ሊሠሩበት ሲሉ እጅዎ ውስጥ ይሙቅ። ዋናውን ደግሞ ሁለቴ ነገራቸው። ካሜራዋ ውስጥ ቀኑን የምትቆጥር ትንሽ ሰዓት አለች፤ የምትኖረው በዚያው ባትሪ ነው። ባትሪ ሳይኖር ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ሰዓቷ ትሞታለች፤ ቀኑም ይጠፋል። ስለዚህ እትዬ ቁልፍ ባትሪ የሚቀይሩት እንደ ሕፃን ዳይፐር ነው፤ አንዱን አውጥተው ሌላውን እስኪያስገቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ካሜራዋ ያለ ባትሪ አትውልም፣ አታድርም። ፎቶው ሥር በቢጫ ቁጥር የሚታተመው ቀን ነው ለነገሩ ሁሉ ምስክሩ።

አምስተኛዋ ባትሪ የውሸት ናት። ከሌላ ሱቅ ተታለው የገዟት፣ ስሟ በደንብ የተጻፈ፣ ሆዷ ባዶ የሆነች። ስድስት ፎቶ ካነሣች ትልቅ ነገር ነው። «ቀበጧ» ይሏታል። ሊጥሏት አልቻሉም፤ ግምጃ ቤት የገባ ነገር ዝም ብሎ አይጣልም።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ እትዬ ቁልፍ ደረጃው ላይ አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። አንድ ወር ተኩል ሆስፒታል ተኙ። ልጃቸው በዚያ መሀል ቤታቸውን አጸዳች፣ መጋረጃ አጠበች፣ ፍሪጁን ወለወለች። ካሜራዋን ስታገኝ ቆም ብላ አሰበች። እናቷ ስለ ባትሪ አያያዝ ሲናገሩ የሰማችው ብዙ ነው፤ ያልተጠቀሙበት ባትሪ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መተኛት አለበት። ስለዚህ ባትሪውን ከካሜራዋ አውጥታ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከወንድሞቹ ጎን በእንቁላሉ ቦታ አስተኛችው። ከፍቅር ነው ያደረገችው። ይህን ስሕተት ሌላ ሰው ቤት ማንም አይሳሳተውም።

እትዬ ቁልፍ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከነክራንቻቸው ተመለሱ። ካሜራዋን ሲከፍቷት ቀኑን ንገሩኝ ብላ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጃቸውን ተቆጥተው ሲያበቁ ቀኑን ሞሉ፤ ወሩን ሞሉ፤ ዓመቱንም ሞሉ። አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን የማንም እጅ እንደሚያደርገው፣ የሳቸውም እጅ አሮጌውን ዓመት ሞላ። አላስተዋሉም። ደብተሩ ላይ ትክክለኛውን ዓመት እየጻፉ፣ ፎቶው ላይ ግን የተሳሳተው እየታተመ፣ ሰባት ወር ሄደ።

በሰባተኛው ወር ማብቂያ ሕንፃው በር ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። ከተማው ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይልካል። ስንጥቁ ከቁፋሮው በኋላ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ኩባንያው ቁፋሮውን አቁሞ ግድግዳውን በራሱ ወጪ ይደግፋል። ካልተረጋገጠ ግን ሕንፃው በእርጅናው ለኑሮ አደገኛ ነው ተብሎ ነዋሪው በሠላሳ ቀን ይለቃል። ሹፌሩ ደብዳቤውን ሦስቴ አነበበውና እትዬ ቁልፍ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አልቀለደም።

«እትዬ፣ ያ ፎቶ አለ አይደል?» አለ። «እኔ የምሄድበት የለኝም።»

«አለ» አሉት። «ግባና ቁጭ በል፤ ፊትህ ወርዷል።»

አማቻቸው ፎቶዎቹን ሁሉ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አትሞ በካርቶን ይዞ መጣ። እሑድ ከሰዓት ነበር። ሳሎኑ ወለል ላይ በቀን ቅደም ተከተል መደርደር ጀመሩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ስንጥቅ ቀጠነ፣ ወፈረ፣ ከዚያ እንደገና ቀጠነ፣ ከዚያ እንደገና ወፈረ። አማቻቸው ጭንቅላቱን አከከ። እትዬ ቁልፍ ተንበርክከው ቢጫዎቹን ቁጥሮች በጣታቸው ተከተሉ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የኔ እጅ ነው» አሉ። «ዓመቱን ተሳስቻለሁ። የሰባት ወሩን በሙሉ።»

ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች። «ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ባትሪውን አንቺ አወጣሽ። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ።»

አማቻቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ አይጨነቁ። ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ላይ አንዷን ቁጥር ለውጬ ደግሜ አትመዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

«ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ ልጄ። ማንም ሳያውቅ አንዴ ከተስተካከለ፣ ማንም ሳያውቅ ስንት ጊዜ እንደተስተካከለ በምን ይታወቃል?»

«እውነቱን እኮ ነው የምናስተካክለው!»

«እውነቱን ነው። በእውነት ላይ ሌብነት ምን ያስፈልጋል?»

ልጃቸው ማልቀስ ጀመረች። «እነሱ ይዋሻሉ፣ አንቺ ሕግ ታከብሪያለሽ። ቤትሽን ልታጪ ነው። የሰውን ሁሉ ቤት ልታሳጪ ነው!»

እትዬ ቁልፍ ፈሩ። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ የሹፌሩ ፊት ድቅን አለባቸው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙት ሥርዓት አንድ ነው። ግምጃ ቤት ካርድ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፣ አይደለዝም፣ ወረቀቱም አይቀየርም። የተሳሳተው እንዲነበብ ሆኖ አንዲት ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። የጻፈው ይፈርማል። ይህን ያደረገ ሰው ቢሳሳትም ሌባ አይባልም፤ ያላደረገ ግን ትክክል ቢሆንም ማንም አያምነውም።

ቀይ እስክሪብቶ አመጡ። ሰባት ወር፣ በየወሩ አሥራ አንድ፤ ሰባ ሰባት ፎቶ። አንድ በአንድ አሰመሩ፣ ጻፉ፣ ፈረሙ። አማቻቸው መጀመሪያ ተኮሳትሮ ቆሞ ሲያይ ቆየ። በኋላ አጠገባቸው ተቀመጠና የፈረሙትን እየተቀበለ ይደረድር ጀመር።

ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የኩባንያው መቆፈሪያ ማሽን የመብራት መስመር በጠሰ። ሕንፃው ጨለመ። ሆን ብለው ነው የሚሉ ነበሩ፤ እትዬ ቁልፍ «ለዚያ እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እነሱ የላቸውም» አሉ። ይሁንና ልባቸው አልተረጋጋም። ባትሪዎቹ ግማሽ ላይ ናቸው፤ ካረጁ ወዲህ ደግሞ ሳይሞሉ ሌንሷን መግፋት ያቅታቸዋል፤ ፍሪጁም ሞቋል። ሞልታ የተገኘችው ቻርጀሩ ላይ የነበረችው ቀበጧ ብቻ ናት።

ኮሚቴው ምድር ቤት ኮሪደር ውስጥ ነዋሪው ከየቤቱ ባወጣው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ፀጉራቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው የሚያዩ ሴት ናቸው። መሐንዲሱ ፎቶዎቹን በትልቅ ሰሌዳ ላይ አሳትሞ፣ ፕላስቲክ አልብሶ መጥቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተነሡ ናቸው፤ ስንጥቁ ስስ ነው፣ ግድግዳው እንደ ሰርግ ልብስ ይነጣል። «እንደምታዩት መጀመሪያ ስንመጣ ነበረ፤ አሁንም አለ» አለ። «አሮጌ ግድግዳ ነው።»

እትዬ ቁልፍ ካርቶናቸውን ከፈቱ። ስለ ራሳቸው ስሕተት ማንም ሳይጠይቃቸው መጀመሪያ የተናገሩት እሱን ነው፤ እንዴት እንደተሳሳቱ፣ ስንት ፎቶ እንደሆነ፣ ቀዩ መስመር ምን ማለት እንደሆነ። መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ከካርቶኑ አንዱን አንሥቶ ለሰዉ ሁሉ አሳየ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ሰባ ሰባት ጊዜ የተሰረዘ ማስረጃ! ባለካሜራዋ ራሳቸው ካሜራው አይታመንም እያሉ ነው። ደብተሩንስ ማን ጻፈው? እሳቸው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው የአሥራ ስምንት ፎቅ ሥራ የሚቆመው?»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። እትዬ ቁልፍ በክራንቻቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ሰባ ሰባቱን ያወቅኸው እኔ ስላሰመርኩልህ ነው» አሉት። «ያንተን ስሕተት ማን ያሰምርልን? ፎቶህ ላይ ቀን የለም። ከየት ቆመህ እንዳነሣህ የለም። ማስመሪያ የለም። ስንጥቁ አንድ ጣት ይሁን አንድ ክንድ የሚታወቅበት ነገር የለም። የተሳሳትኩት ነገር ያለኝ እኮ የጻፍኩት ነገር ስላለኝ ነው!»

ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ሰው አጉረመረመ። ሰብሳቢዋ እጃቸውን አነሡ። ከካርቶኑ ግርጌ የእትዬ ቁልፍ ባል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያነሡትን የመጀመሪያ ፎቶ አውጥተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን በምን አነሡት?»

«ባለቤቴ ነው ያነሣው። በዚችው ካሜራ።»

«አሁን፣ ከዚያው ቦታ፣ በዚችው ካሜራ ሊያነሡልኝ ይችላሉ?»

«አራት ሰዓት ሊሆን ነው» አሉ እትዬ ቁልፍ። «ብርሃኑም ያው ነው። ይምጡ።»

ሰዉ ሁሉ ተግተልትሎ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። እትዬ ቁልፍ ተረከዛቸውን ምልክቱ ላይ አሳረፉ፤ ማስመሪያውን ለጠፉ፤ ካሜራዋን ከፈቱ። ሌንሷ ግማሽ መንገድ ወጣችና ቆመች። ሦስተኛው ባትሪ አለቀ። ከሸሚዛቸው ውስጥ አራተኛውን አውጥተው ቀየሩ። ቀይ መብራት ብልጭ አለና ጠፋ። ሁለተኛው እሷንም አላበራ። አንጋፋው ያችን «ጢጥ» የምትል ድምፅ እንኳ አላሰማም።

መሐንዲሱ አብሮት ለመጣው የኩባንያው ሰው ጮክ ብሎ ተናገረ። «በዚህ ነው እንግዲህ የምንከሰሰው።»

ልጃቸው ክንዳቸውን ልትይዝ ተጠጋች፤ በትከሻቸው መለሷት። የቀረችው ቀበጧ ናት። እጃቸው ውስጥ አፍታ አሞቋት። አስገቧት። ሌንሷ ሙሉ በሙሉ ወጣች። ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ተጫኑ። ወዲያው ደግመው ተጫኑ። ሦስተኛውን ሲያነሡ አልቆመችም። «እሰይ፣ የኔ ሌባ» አሉ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ።

ሰብሳቢዋ ካሜራዋን ተቀብለው ከታተመው ከመጀመሪያው ፎቶ ጎን ያዟት። አንዱን ያዩና ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ፤ ሌላውን ያዩና እንደገና ይጠጋሉ። ከዚያ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄ የወረደው?»

«የቀለም ጠብታ ነው» አሉ እትዬ ቁልፍ። «ቀቢው ቸኩሎ ነው። ባለቤቴ እሱን ሲያይ ሳምንቱን ሙሉ ሲነጫነጭ ከረመ።»

በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጠብታው አንድ ወጥ ሆኖ እንደ ክር ይወርዳል። አሁን ስንጥቁ መሀሉን ቆርጦት አልፏል፤ ላይኛው ግማሽና ታችኛው ግማሽ አይገናኙም፣ በመካከላቸው ዘጠኝ ሚሊሜትር ይላል ማስመሪያው። ከቀለሙ በፊት የነበረ ስንጥቅ የደረቀ ቀለም ሊቆርጥ አይችልም። ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሹፌሩ እንኳ ቀድሞ ገብቶት ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ሰብሳቢዋ ወደ መሐንዲሱ ሰሌዳ ዞሩ። በሱ ፎቶ ላይ ጠብታው ጭራሽ የለም፤ ስልኩ አለስልሶ ውጦታል።

«ይህን ጠብታ የት አደረስከው?» አሉት።

እትዬ ቁልፍ ግን የመሐንዲሱን መልስ አልጠበቁም። ደብተራቸውን ከብብታቸው አውጥተው የዕለቱን ገጽ ገለጡ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፎቅ፣ ልክ፣ ባትሪ ቁጥር አምስት። በመጨረሻዋ ዓምድ ላይ «አብሮ ያየ» የሚል አለ፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። እስክሪብቶውን ለመሐንዲሱ ዘረጉለት።

«ዘጠኝ ሚሊሜትር። ከቀለሙ በኋላ። አይተሃል፤ ፈርም።»

«እናቴ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ለመፈረም ሥልጣን የለኝም።»

«ለመቆፈር ሥልጣን ነበረህ?»

መሐንዲሱ ወደ ሰብሳቢዋ አየ። እሳቸው ወደ ውጭ፣ በመስኮቱ አሻግረው ጉድጓዱን እያዩ ነበር። ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ፈርም። ማሽኑንም ደውለህ አስቁም፤ በውሳኔያችን የምንጽፈውም ይህንኑ ነው።»

መሐንዲሱ ደብተሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጫር ጫር አደረገና መለሰው። እትዬ ቁልፍ አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት። ከዚያ ደብተሩን እንደገና ሰጡት።

«ይሄ ፊርማ ነው ወይስ ሌላ ስንጥቅ? ሥሩ ላይ ስምህን ከነአባትህ ጻፍልኝ፤ ሰው የሚያነበው አድርገህ።»

ጻፈ። እስኪጨርስ ድረስ ሁሉም ቆሞ ጠበቀው።